የአንባቢያን ጥያቄ፦ የሕዋ ቴሌስኮፕ መሣሪያ፣ ዩኒቨርሲቲና ቶርኖ ቤት

ባለፈው እትም ስለ ጄምስ ዌብ የሕዋ ቴሌስኮፕ አጭር ጽሑፍ ካወጣን ወዲህ ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ከባሕር ዳር የመጡ ናቸው። ስለ ጋላክሲ የጠየቀን ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚለው «ማን ሠራው? በምን ሠራው? እኛስ የቱን እንችላለን?» ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለናል። ከታች ያሉት ዓመታትና አብረዋቸው የተጻፉ ወራት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፖሊ ግቢ የሜካኒካል ምህንድስና 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህራችን የሕዋ ቴሌስኮፕ መሣሪያ የሚሠራው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው አሉን። ጓደኛዬ ደግሞ «ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው እንጂ!» ይላል። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይዘዋል። የጄምስ ዌብን ኒርካም የተባለ ካሜራ ውሰድ። ምን ማየት እንዳለበት የወሰነውና ሥራውን የመራው የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። ቆርጦና ገጣጥሞ የሠራው ካሊፎርኒያ ያለው የሎክሂድ ማርቲን ማዕከል ነው፤ ብርሃን ተቀባዩ ዲቴክተር ደግሞ ቴሌዳይን ከተባለ ሌላ ኩባንያ መጣ። ሚሪ የተባለው መሣሪያ የአውሮፓ ተቋማት ኅብረትና የአሜሪካው ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ የጋራ ሥራ ነው። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስናውን መራ፣ መገጣጠሙና ፍተሻው እንግሊዝ አገር ራዘርፎርድ አፕልተን ላቦራቶሪ ተካሄደ፣ ዲቴክተሩ ከሬይቲዮን፣ ማቀዝቀዣው ከኖርዝሮፕ ግሩማን ተገዛ።

ክፍፍሉ የዘፈቀደ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው የትኛው ስህተት ሳይንሱን እንደሚጎዳና የትኛው ቢኖርም ግድ እንደማይሰጥ ያውቃል። ኩባንያው ደግሞ እያንዳንዱ ብሎን ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳጠበቀው፣ በስንት ኒውተን ሜትር እንደጠበቀ የሚመዘግብ ሥርዓት አለው። ይህ ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብዙ ጊዜ የለም፤ ምክንያቱም ተማሪው ተመርቆ ይሄዳል። ሚሪ ተጠናቅቆ ለናሳ የተሰጠው በግንቦት 2012 ነው፤ የተወነጨፈው ታኅሣሥ 25 ቀን 2021። ወደ አሥር ዓመት ገደማ ማለት ነው። በዚህ መካከል አንድ ኬብል ችግር ቢያሳይ የሚጠየቀው ሰው ሳይሆን ወረቀቱ ነው።

አንድ ነገር ጨምረን እንንገርህ፤ መሣሪያው አንዴ ብቻ አይሠራም። በቅድሚያ ክብደቱና ቅርጹ ብቻ እውነተኛውን የሚመስል ሞዴል ይሠራና መንቀጥቀጫ ላይ ይወጣል። ቀጥሎ ሁሉም ነገር የሚሠራበት የማረጋገጫ ሞዴል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚበረው። ለትንንሽ ዕቃዎች ናሳ በሰፊው የሚጠቀምበት የማረጋገጫ ሞዴል የመንቀጥቀጥ ፍተሻ 14.1 ጂ አርኤምኤስ ነው (በምድር ስበት ብዛት የሚነገር የመንቀጥቀጥ አማካይ መጠን)፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 2 ደቂቃ። ለሚበረው ዕቃ 10 ጂ አርኤምኤስ፣ 1 ደቂቃ ይበቃዋል። የሚበረውን ዕቃ በከፍተኛው መጠን የሚያንቀጠቅጥ ሰው ዕድሜውን መሬት ላይ ይጨርስበታል።

ጥያቄ፦ ቶርኖና ፍሬዛ አለኝ፤ ሥራዬ በብዛት የመኪናና የወፍጮ ዕቃ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ለካሜራ ማቀፊያ የሚሆን የአሉሚኒየም ዕቃ ድሮዊንግ አመጡልኝ። ርዝመቱ 200 ሚሊ ሜትር፣ ቶለራንሱ (የሚፈቀደው ልዩነት) ሲደመር ሲቀነስ 0.02 ነው። እኔ ጋ ልክ የሆነው ላቦራቶሪ ሲገባ አጠረ ይሉኛል። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ የእርስዎም የመምህሩም አይደለም፤ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚለካ ድሮዊንጉ ላይ ያልጻፈ ሰው ነው ያጠፋው። በዓለም አቀፍ ስምምነት የዕቃ ልክ የሚባለው 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያለው ልክ ነው። አሉሚኒየም በየዲግሪው በሚሊዮን 23 እጅ ይረዝማል። በሚያዝያ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር 30 ዲግሪ ላይ የቆረጡት 200 ሚሊ ሜትር ዕቃ 20 ዲግሪ ላይ ሲደርስ 0.046 ሚሊ ሜትር ያጥራል። የተፈቀደልዎ ከዚህ ግማሽ አይሞላም። በእርግጥ የእርስዎ ማይክሮሜትር ብረት ስለሆነ አብሮ ሞቆ ረዝሟል፤ ስለዚህ በሁለታችሁ ንባብ መካከል የሚታየው ልዩነት ወደ 0.023 ይወርዳል። እሱም ቢሆን ዕቃውን ያስጥላል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የመጨረሻውን መላጥ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሥሩ። ዕቃውና መለኪያው አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው ይደሩ። በእጅ ይዘው አይቆዩ፤ መዳፍ ራሱ ያሞቃል። በልኩ አጠገብ የክፍሉን ሙቀት ይጻፉ፤ «200.031፣ በ26 ዲግሪ» ብለው ከሰጧቸው ላቦራቶሪው ሒሳቡን ራሱ ይሠራል፣ ጭቅጭቅም አይኖርም።

ሁለተኛው ነገር ብረቱ ውስጥ የተቀበረ ውጥረት ነው። ከአንድ ወገን ብዙ ሲላጥለት ይጣመማል፤ አንዳንዴም ከሳምንት በኋላ። ስለዚህ ዙሪያውን 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርተው ሻካራውን ይጨርሱ። ከዚያ ዕቃው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ገብቶ እስኪረጋጋ ይቆያል፤ ያው የከብት ማዳቀያ አባላዘር የሚቀመጥበት ነው። መንፈቅፈቁ ሲቆም ቀዝቅዟል ማለት ነው። ወጥቶ ወደ ክፍሉ ሙቀት ሲመለስ የፈላ ውኃ ውስጥ ይገባል። ሦስት ጊዜ ይደገምና ከዚያ የመጨረሻው ልክ ይቆረጣል። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ላይ ስለሆነች ውኃው የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። በር ዘግተው ግን አይሞክሩት። አንድ ሊትር ፈሳሽ ናይትሮጅን ወደ 700 ሊትር ጋዝ ይሆናል፣ ኦክስጅኑን ያባርራል፣ ሽታም የለው።

ሦስተኛው፣ ዕቃው ወደ ሕዋ ባይሄድም ቫኪዩም (አየሩ የተመጠጠ ባዶ ቦታ) ውስጥ የሚገባ ከሆነ፦ ጫፉ የተዘጋ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ብሎን ሥሩ አየር ያፍናል፤ ያ አየር በጥርሱ መካከል ለቀናት እየሾለከ ቫኪዩሙን ያበላሻል። ወይ ቀዳዳውን ያሳልፉት፣ ወይ ብሎኑን በመሃሉ በ1 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ ይብሱት። ዚንክ የተቀባ የሱቅ ብሎን አያስገቡ፤ ዚንክና ካድሚየም ቫኪዩም ውስጥ ሲሞቁ ይተናሉና ሌንስ ላይ ያርፋሉ። የመኪና ግራሶም እንደዚሁ። አይዝጌ ብረት ብሎን በአሉሚኒየም ሲታሰር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከክፍል ሙቀት ወደ 40 ኬልቪን፣ ማለትም ዜሮን በ233 ዲግሪ አልፎ ሲቀዘቅዝ፣ አሉሚኒየም በመቶ 0.41 ያህል ይሰበሰባል፤ አይዝጌው በመቶ 0.3። አሉሚኒየሙ ከብሎኑ የበለጠ ያጥራል፤ የጥብቀቱን ከግማሽ በላይ ሊበላው ይችላል። ከራሱ ሥር ሳህን መሳይ ስፕሪንግ ሮንዴላ ወይም ወፍራም የኢንቫር (ሙቀት ሲለወጥ ርዝመቱ እምብዛም የማይለወጥ ቅይጥ ብረት) ሮንዴላ የሚደረገው ለዚህ ነው።

ትልልቆቹም መንገዱን የመረጡት በዚሁ ሒሳብ ነው። ሚሪ መስታወቱም አካሉም አሉሚኒየም ነው፤ ሁሉም እኩል ስለሚሰበሰብ ቅርጹ አይዛባም። ኒርስፔክ የተባለው ሌላው የዌብ መሣሪያ ሲሊኮን ካርባይድ ነው፣ የኒርካም ማቀፊያ ደግሞ ቤሪሊየም። የቤሪሊየም ብናኝ ሳንባ ይገድላል፤ ቢመጣልዎ እንኳ አይንኩት።

ጥያቄ፦ ፔዳ ግቢ የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ነኝ። ክሊን ሩም (ከብናኝ የጸዳ ክፍል) እንሥራ ይባላል። እኛ ግን ጣና ዳር ነን፦ ማታ መብራት ላይ ትንኝ ይርመሰመሳል፣ በበጋ አቧራ፣ በክረምት እርጥበት፣ መብራትም ይጠፋል። ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ከክፍል አይጀምሩ፣ ከጠረጴዛ ይጀምሩ። የጄምስ ዌብ መስታወት የተገጣጠመበት የናሳ ጎዳርድ ማዕከል አዳራሽ አይኤስኦ 7 ነው፤ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 0.5 ማይክሮንና (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ከዚያ በላይ የሆነ ብናኝ ከ352,000 አይበልጥም። አንድ ላሚናር ፍሎው ጠረጴዛ (የተጣራ አየር በእኩል ፍጥነት የሚነፍስበት) ግን ከፊቱ ያለውን ቦታ አይኤስኦ 5 ያደርገዋል፦ 3,520 ብናኝ። የዕፅዋት ቲሹ ካልቸር የሚሠሩ ላቦራቶሪዎች ይህን ጠረጴዛ ይጠቀሙበታል፤ ግቢ ውስጥ ይጠይቁ። ነፋሱ በሰከንድ 0.45 ሜትር አካባቢ መሆኑን በአኔሞሜትር (የነፋስ ፍጥነት መለኪያ) ይለኩ። ወደ 0.3 ከወረደ ማጣሪያው ሞልቷል። ከቆመበት ሲነሣ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ዕቃ አይክፈቱበት።

ትንኙ ማጣሪያ አያልፍም፤ የሚገባው በሰው በር ነው። መፍትሔው ሁለት በር በመሃል ትንሽ ክፍል ያለው፣ የውጭው በር ላይ ደግሞ መብራት አለመስቀል ነው። የውስጡ አየር ከውጭው በ15 ፓስካል ያህል ይብለጥ። መለኪያ ከሌለዎት በበሩ ስንጥቅ ላይ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ያንጠልጥሉ፤ ወደ ውጭ ከተዘነበለ ደህና ነው። መብራት ሲጠፋ የሚሞተው ይህ ግፊት ነው። ስለዚህ የሥራው ደንብ አንድ መስመር ይሁን፦ ዕቃው በማንኛውም ሰዓት ክዳኑ አጠገቡ ይሁን፣ መብራት እንደሄደ መጀመሪያ ይሸፈን። ዩፒኤሱን ለኮምፒውተር ሳይሆን ለነፋሱ ሞተር ይስጡት፤ ፋይል በየጊዜው ይቀመጣል፣ የቆሸሸ መስታወት ግን በቀላሉ አይመለስም።

እርጥበቱ ከ40 እስከ 55 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ከ30 በታች ሲወርድ የልብስ ኤሌክትሪክ ዲቴክተር ያቃጥላል፤ በክረምት ሲወጣ ደግሞ ከማቀዝቀዣ የወጣ ሌንስ ሁሉ ያልበዋል። የቀዘቀዘ ዕቃ በደረቅ ናይትሮጅን ጋዝ ተከብቦ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አይከፈትም።

አንድ ነገር ግን ደግመን እንላለን፦ በኮሪደሩ ቡና አይቆላ፣ ዕጣንም አይጢስ። የዕጣን ጭስ ብናኙ ከ1 ማይክሮን በታች ነው፣ ቅባትም ይዞ ይመጣል። ብናኙን ሄፓ ማጣሪያ ይይዘዋል፤ ትነቱን ግን አይዝም፣ ሄፓ የሚይዘው ብናኝና ጠብታ እንጂ ጋዝ አይደለምና። ክፍሉ ውስጥ ሆኖ የሸተተዎ ነገር ሁሉ መስታወቱንም ደርሶታል። የፀጉር ቅባትና ሲሊኮን ያለበት የእጅ ክሬምም ከዚሁ ይቆጠራል። ጓደኞችዎ ይቀየሙ ይሆናል፤ ቡናው በሌላ ሕንጻ ይፈላ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲና ኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ውሎቻችን ሁለትና ሦስት ገጽ ናቸው፤ «በጋራ ለመሥራት ተስማምተናል» ይላሉና ያበቃሉ። እንዲህ ያለ ረቂቅ ሥራ ሲሆን ምን መግባት አለበት?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት አንድ አንቀጽ፦ ማን፣ በምን መለኪያ፣ ስንት ዲግሪ ላይ ለክቶ «ልክ ነው» እንደሚል፤ ደግሞም ከዚያ መለኪያ ጋር በማይገናኝ በሌላ መንገድ ማን እንደሚያረጋግጥ። ይህ አንቀጽ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ሃብል ቴሌስኮፕ አሳይቷል።

ሃብል በሚያዝያ 1990 ተወነጨፈ፤ ምስሉ ደበዘዘ። 2.4 ሜትር የሆነው መስታወት ጠርዙ ላይ በ2.2 ማይክሮን ጠፍጣፋ ሆኖ ተገኘ። መስታወቱን የሞረደው ፐርኪን ኤልመር የተባለ ኩባንያ በእጅ ድክመት አልተሳሳተም፤ እንዲያውም ቅርጹን እጅግ ልቅም አድርጎ ነበር የሞረደው፣ ወደ ተሳሳተው ቅርጽ። የተሳሳተው መለኪያው ነው። መለኪያው ውስጥ ያለች አንዲት ሌንስ ከቦታዋ 1.3 ሚሊ ሜትር ርቃ ተቀምጣለች። ርቀቱ የሚለካው በኢንቫር ዘንግ ነበር፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ክዳን ቀለሙ ተልጦ ኖሮ የሌዘሩ ብርሃን ከዘንጉ ጫፍ ሳይሆን ከክዳኑ ላይ ነጥሮ ተመለሰ። ሌንሷን ወደዚያ ቦታ ለማውረድ ማስተካከያው ብሎን አልደርስ ሲል ሮንዴላ ገባበት። የቶርኖ ባለሙያዎቻችን ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ በሮንዴላ ተሞልቶ የተስተካከለ ነገር ሁሉ አንድ ጥያቄ ያስነሣልና። ከዚህ ሌላ ሁለት መለኪያዎች ስህተቱን አሳይተው ነበር። «እነሱ ያን ያህል ትክክለኛ አይደሉም» ተብለው ታለፉ።

ኢስትማን ኮዳክ የተባለ ሌላ ኩባንያ የሠራው ተጠባባቂ መስታወት መሬት ላይ ቀርቶ ነበር። ሃብል የታረመው በታኅሣሥ 1993 ጠፈርተኞች ማካካሻ ኦፕቲክስ (ብርሃኑን የሚያርሙ ትንንሽ መስታወቶች) እና አዲስ ካሜራ ሲገጥሙለት ነው። የስህተቱ መጠን በትክክል ታውቆ ስለነበር ማረሚያው በተቃራኒው ተሠራ፤ የመለኪያው መሣሪያ ሳይፈታ ተቀምጦ መገኘቱ ለዚህ ረዳ። ከዚህ የምትወስዱት ደንብ፦ መለኪያ ከሥራ በኋላ አይፈታም፣ አይሰጥም።

ቀሪዎቹ አንቀጾች፦ የመገናኛ ሰነድ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው ክፍልና የፋብሪካው ክፍል የሚገናኙበት ቀዳዳ፣ ብሎን፣ ኬብል፣ ቮልት፣ ክብደት በሥዕል የተጻፈበት፤ ሁለቱ ወገን ሳይፈርሙ ብረት አይቆረጥም። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ለውጥ በስልክ አይሆንም፣ በቁጥር የተመዘገበ ወረቀት ይኖረዋል። ልክ ያልሆነ ዕቃ ሲወጣ መደበቅ እንዳይመች፣ ሪፖርት ያደረገ ሠራተኛ እንደማይቀጣ ይጻፍ፤ ይህን ሰው ሁሉ ይዘነጋዋል። ተማሪው ጽሑፍ ከማሳተሙ በፊት ፋብሪካው ስንት ቀን ማየት እንደሚችል ይወሰን፤ ያለ ገደብ ከተተወ ተማሪው ሳይመረቅ ይቀራል። ክፍያ በርክክብ ቀን ሳይሆን ፍተሻ ባለፈ ቀን ይሁን። የእኛ አገር ጣጣ ደግሞ ሰኔ 30 ነው፦ በጀት ሲዘጋ ያልተከፈለ ይመለሳል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ያለበትን ምዕራፍ ግንቦት ላይ እንዲያልቅ አታድርጉት፣ ሚያዝያ ላይ ይለቅ፤ ካልሆነ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ።

ጥያቄ፦ የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተማሪ ነኝ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የእኛ ሙያ ቦታ አለው ወይስ ፀሐይ መከላከያውን አይተን እንለፍ?

መልስ፦ አለው እንጂ። የጄምስ ዌብ ፀሐይ መከላከያ አምስት ንብርብር ካፕተን (ሙቀት የሚችል ስስ ፕላስቲክ) ነው፤ ፀሐይ የሚያየው 50 ማይክሮን፣ የቀሩት 25 ማይክሮን። ለአንቺ ግን ቅርብ የሚሆነው ቴሌስኮፕና ሳተላይት ሁሉ የሚለብሰው የሙቀት ብርድ ልብስ ነው፦ ከ10 እስከ 20 የሚደርስ ንብርብር አሉሚኒየም የተቀባ ስስ ፕላስቲክ፣ በየመሃሉ ደግሞ መረብ ጨርቅ። መረቡ ከሙሽራ ቬሎ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሥራው ንብርብሮቹ እንዳይነካኩ ማድረግ ነው፤ የሚነካኩበት ቦታ ቫኪዩም ውስጥም ቢሆን ሙቀትን በቀጥታ ያሳልፋልና።

ናይለን ሳይሆን ፖሊስተሩን ምረጪ፣ ናይለን ውኃ ይይዛል። ብልጭልጭና ማጠንከሪያ የሌለው ይሁን፤ ካለውም በሙቅ ውኃ ታጥቦ ይድረቅ። ንብርብሮቹ ጥቃቅን ቀዳዳ ከሌላቸው አየሩ በማስወንጨፍ ጊዜ ተነፍቶ ይቀዳቸዋል። እያንዳንዱ ንብርብር ከብረቱ አካል ጋር በኤሌክትሪክ ይገናኝ። የጥጥ ክር ብናኝ ይረግፈዋል፤ ረጅም ፋይበር ያለው ፖሊስተር ክር ይሻላል። ትልቁ ስህተት ግን አጥብቆ መስፋት ነው፦ እያንዳንዱ ስፌት ንብርብሩን ጨፍልቆ የሙቀት ድልድይ ይሠራል። ልብስ ፋብሪካ ዋጋ የሚያንጠለጥልባት የፕላስቲክ ሚስማር መተኮሻ ለዚህ በጣም ትመቻለች።

መፈተሻው፦ በፈሳሽ ናይትሮጅን የተሞላ ዕቃ በብርድ ልብሱ ጠቅልለሽ፣ ቫኪዩም ውስጥ አስገብተሽ የሚቀንሰውን ክብደት መመዝገብ ነው፤ የሚተነው ጋዝ መውጫ ቱቦ ይኑረው። አንድ ዋት ሙቀት በ24 ሰዓት 430 ግራም ያህል ያተናል። ቫኪዩም ከሌለሽ አትድከሚ፤ አየር ውስጥ ይህ ልብስ ከተራ ብርድ ልብስ አይሻልም።

ጥያቄ፦ ወርቅ ሠሪ ነኝ። የዚያ ቴሌስኮፕ መስታወት ስንት ወርቅ ፈጀ? እንዴትስ ተነከረ?

መልስ፦ አልተነከረም። ቫኪዩም ክፍል ውስጥ ወርቁ ሞቆ ይተንና መስታወቱ ላይ ያርፋል። ውፍረቱ 100 ናኖ ሜትር ነው፣ የአሥራ ስምንቱ ቁራጭ መስታወት ስፋት በጠቅላላው 25 ካሬ ሜትር ያህል። ቢያባዙት 2.5 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይመጣል፤ በ19.3 ግራም ሲባዛ 48 ግራም ከሩብ። ወርቅ የተመረጠው ኢንፍራሬድ (ዓይን የማያየው ከቀይ የሚረዝም) ብርሃንን በጣም ስለሚመልስ ነው፤ ሰማያዊን ግን ይውጣል፣ ቢጫ የሚመስለውም ለዚሁ ነው። በላዩ ላይ እንዳይጫር ስስ የመስታወት ንብርብር ተቀብቷል።

መያዝ አለመያዙን ለማወቅ እርስዎ ቢሆኑ ይፍቁት ነበር። እዚያ ግን መስታወቱን ማንም አይነካም። ከመስታወቱ አጠገብ አንድ ላይ የተቀባ ትንሽ ናሙና ይቀመጣል፤ ፕላስተር ተለጥፎ የሚነቀለው፣ የሚፋቀውም እሱ ላይ ነው።